«ብሉ ከት» ሌንስ፦ ተጨማሪው ክፍያ ለምን?

ማታ ኮምፒውተር ላይ ለሚያመሹ ሰዎች በየመነጽር ቤቱ የሚሸጠውን፣ ሰማያዊ ብርሃንን ይቆርጣል የሚባለውን ነጭ (ቀለም አልባ) «ብሉ ከት» ሌንስ ለጥቂት ወራት ተጠቅሜበታለሁ። ፍሬሙ ቀላል ነው፣ አፍንጫ ላይ አይከብድም፣ የሌንሱ ጥራትም አያስወቅስም። ቅሬታዬ ሻጩ «ዓይንዎን ከድካም ይጠብቃል፤ እንቅልፍዎንም ያስተካክላል» በማለት በሰጠኝ ተስፋ ላይ ነው።

የእንቅልፉ ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። የእይታ ነርቭ አብዛኛውን መረጃ ታላመስ በሚባለው የአንጎል መሀል ማስተላለፊያ በኩል ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ቢያደርስም፣ ጥቂት ክሮቹ ከዚህ ዋና መንገድ ተገንጥለው ወደ ሌሎች ማዕከላት ይሄዳሉ፤ አንደኛው ቅርንጫፍ የዓይን ብሌንን በብርሃን ያጠባል፣ ሌላው ድንገት ብቅ ወዳለ ነገር ዓይንን ያዞራል፣ ሌላው ደግሞ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ላለው የሰውነት ሰዓት መንጋቱንና መምሸቱን ያሳውቃል። የዚህ የመጨረሻው መንገድ መነሻ ሜላኖፕሲን የተባለ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን የያዙ የሬቲና (የዓይን የውስጥ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሕዋሳት ናቸው። ራሳቸው ብርሃን እንደሚቀበሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ምንም የማይታያቸው አንዳንድ ዓይነ ስውራን እንኳ በእነርሱ አማካይነት የሰውነታቸው ሰዓት በብርሃን ይስተካከላል።

ሕዋሳቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚነቁት የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሻጩ ያሳየኝ ሙከራ ግን ሌላ ነገር ይለካል። የሌዘር ብዕሩን በቀጥታ ነጭ ካርድ ላይ ሲያበራ ካርዱ ሰማያዊ ነጥብ ያወጣል፤ በሌንሱ ውስጥ አሳልፎ ሲያበራው ምንም አይወጣም። እንዲህ ያሉት ብዕሮች አብዛኛውን ጊዜ 405 ናኖሜትር የሆነ ሐምራዊ ጨረር የሚረጩ በመሆናቸው፣ ሌንሱ ያንን መከልከሉ እውነት ቢሆንም ስለ 480ው የሚነግረን ነገር የለም። ለዚህስ ብዕርም አያስፈልግም፦ መነጽሩን አድርገው ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይመልከቱ፤ ሰማያዊነቱ እምብዛም ካልተለወጠ ብርሃኑ እያለፈ ነው። የእኔ አልተለወጠም።

ስለ ዓይን ድካም ብዙ መናገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ 17 ሙከራዎችን የመዘነው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በአጭር ጊዜ አጠቃቀም ከተራ ሌንስ የተለየ ጥቅም አላገኘበትም፤ ለድካሙ ይልቅ የሚጠረጠረው ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው በጣም ባነሰ ቁጥር መሆኑ ነው።

ስለዚህ ፍሬሙን ከወደዱት በተራ ሌንስ ያሠሩት። ዓላማዎ እንቅልፍ ከሆነ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላው ሌንስ ሰማያዊውን በእርግጥ ይቆርጣል፤ ነገር ግን ቀለም ስለሚያዛባ ለግራፊክስ ሥራ አይሆንም፣ በሌሊት መኪና ሲነዱም መደረግ የለበትም። የስክሪንና የክፍል ብርሃንን ቀነስ ማድረግ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።