«በፍቅር የተሠራ» ነጠላና ጋቢ፦ ስለ አንዲት የሽሮ ሜዳ ሱቅ

ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ከተደረደሩት የባህል ልብስ መሸጫዎች መካከል፣ ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት ጠባብ ሱቅ በምትሸጠው ልብስ ሁሉ ጠርዝ ላይ «በፍቅር የተሠራ» የሚል ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋለች። ለእህቴ ነጠላ፣ ለአባቴ ደግሞ ጋቢ እዚያ አሠርቻለሁ። አስተያየቴ ስለ ልብሱ ጥራትና ስለ አገልግሎቱ ነው፤ ነገር ግን ያቺ ቁራጭ ጨርቅ የምትለው ነገር ለማን እውነት እንደሆነ፣ ሥራን ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር መሥራት ለሁሉም ይቻል እንደሆነም ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

ጋቢው እንደ ደንቡ አራት ድርብ ሲሆን፣ በቁመት የሚዘረጋው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ በአግድም የሚገባው ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው። በፋብሪካ ክር ብቻ ከተሠራ ጋቢ ጋር ሲነጻጸር ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ሲታጠብም ይበልጥ ይለሰልሳል። የነጠላው ጥለት በሸማኔው እጅ ከድሩ ጋር እየተሰናሰለ የተሠራ በመሆኑ፣ ገልብጠው ሲያዩት የቀለሙ ክር ከኋላም ይገኛል፤ ከቻይና እየመጣ በርካሽ የሚሸጠው የታተመ ጥለት ጀርባው ደብዛዛ ስለሆነ ሁለቱን ለመለየት ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ጉድለት አላጣሁበትም፤ ዕቃው ከተቀጠረለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፣ የነጠላው ቁጭትም፣ ማለትም የጫፉ ክሮች ቋጠሮ፣ በአንድ ወገን ቶሎ ተፈታ። የሱቋ ባለቤት ግን ሳታንገራግር ተቀብላ ያለ ክፍያ አስቋጭታ መለሰችልኝ።

ይህች ሴት የቢሮ ሥራዋን ትታ ሱቁን የከፈተችው ለሸማ ካላት ፍቅር የተነሳ መሆኑን በኩራት ትናገራለች፣ እኔም አምናታለሁ። የቤት ኪራዩንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍነው የባሏ ደመወዝ ስለሆነ፣ ሱቁ ትርፍ ባያስገኝ ቤቱ አይናጋም። ለወደደችው ደንበኛ ያለ ትርፍ የምትሸጥበት ጊዜ እንኳ አለ። ከሱቁ ጀርባ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ የሚያመላልሰው የዶርዜ ሰው ግን የሚከፈለው በቁራጭ ነው። ሥራውን ይወደው እንደሆነ ስጠይቀው፣ አዲስ ጥለት አውጥቶ ሲሳካለት ምግብ መብላት እንደሚረሳ ነገረኝ፤ ወዲያውም ልጁ ሽመና እንዲይዝ እንደማይፈልግ ጨመረ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ትእዛዝ ይጎርፋል፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የቤት ኪራይ ግን ጾምና ፍስክ አይለይም።

እንግዲህ ሥራን ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር መሥራት ለሁሉም ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያው ሱቅ ውስጥ አለ። ሁለቱም ሥራቸውን ይወዳሉ፤ ልዩነቱ የአንደኛዋን ፍቅር ሌላ ደመወዝ ተሸክሞታል፣ የሁለተኛው ግን ራሱ ቤተሰብ ይሸከማል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ትርፍ የማያስፈልጋት ባለሱቅ ዋጋ ስትቀንስ ገዢው ያንን ዋጋ ይዞ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፣ በጎረቤት ሱቅ ደግሞ የሚቀነሰው ከባለሱቁ ትርፍ በፊት የሸማኔው፣ የፈታይዋና የቋጪዋ ክፍያ ነው። በቅንነት የተደረገ ቅናሽ ፍቅር ብቻውን እንጀራ ለማይሆንላቸው ሰዎች ጉዳት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ሙያ ላይ ስለ ፍቅር መናገር ሌላም ጥንቃቄ ይሻል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ ሸማኔ የሠራውን ሸማ የለበሰው ሰው ራሱ የሚንቀው ባለሙያ ነበር። ከጋሞ ደጋ በደላላ ተወስደው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ በቂ ክፍያ ሲሸምኑ ያደጉ ሕፃናት እንደነበሩም የታወቀ ነው። ለእነርሱ ሽመና የተመረጠ የልብ ጥሪ አልነበረም። ስለዚህ ሱቋ ያቺን ቁራጭ ጨርቅ ከመስፋቷ በፊት ሸማኔውን ብትጠይቀው መልካም ነበር፤ እንዳልጠየቀችው ከእርሱ ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬም ሱቁን እመክራለሁ፣ በዚያ አካባቢ ካየሁት ሁሉ የጥለቱ ሥራ የተሻለ ነውና። ለሠርግ የሚያሠራ ሰው ቀብዱን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይክፈል፣ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፣ ሲረከብም ቁጭቱን በሁለቱም ወገን ይፈትሽ። ባለሱቋ ዋጋ ልቀንስ ስትል ደግሞ፣ ቅናሹ ቀርቶ ለሸማኔው በቁራጩ ላይ እንዲታሰብለት መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ ለጋቢው እንዲህ አድርጌ ነበር፣ እርሷም ትንሽ ግራ ከተጋባች በኋላ ተስማምታ ገንዘቡን በፊቴ ሰጥታዋለች።