አንድ ሳምንት በካሪቢያን፦ ጃማይካ፣ ፑንታ ካና፣ ፖርቶ ሪኮ ወይስ አሩባ?

የካሪቢያን ፎቶ ሁሉ አንድ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ዘንባባ። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ደሴት የሚመርጠው በትኬት ዋጋ ነው። ርካሹን አይቶ ይቆርጣል። ልዩነቱ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ባሕሩ ሞገደኛ ሆኖ ልጆቹን ማስገባት ሲያቅተው፣ ወይም ዳርቻው በአረም ተሸፍኖ ሲያገኘው።

እኔ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ምን ወረቀት ይዛችኋል? የትኛው ወር ነው? ዋና ትችላላችሁ? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ደሴቱ ራሱ ይመጣል። አራቱን የመረጥኳቸው ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በቀላሉ ስለሚደረስባቸው ነው። ጃማይካ፣ ፑንታ ካናና የፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ሳን ሁዋን በአራት ሰዓት ገደማ በረራ ይገባሉ፤ አሩባ ወደ አምስት ሰዓት ትጠጋለች። ባርቤዶስ በጣም ታምራለች፣ ኪስም በጣም ትጎዳለች። ለሌላ ጊዜ ትቆይ።

ወረቀት ይቅደም

ሁላችሁም የአሜሪካ ፓስፖርት ካላችሁ የቪዛው ነገር አያሳስባችሁም። የብዙዎቻችን ቤተሰብ ግን ድብልቅ ነው። አባት ዜጋ፣ እናት በግሪን ካርድ፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አያት ደግሞ በቪዛ። የአያት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ከአሜሪካ ወጥቶ መመለስ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

እዚህ ላይ ፖርቶ ሪኮ ብቻዋን ናት። የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በረራው የአገር ውስጥ ነው። ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ከሜይ 2025 ጀምሮ ግን የሪል አይዲ መንጃ ፈቃድ ወይም እሱን የሚተካ መታወቂያ ያስፈልጋል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽን ሰነዱን ይያዝ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአሜሪካ ከወጣ፣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ለእሱ የቀሩት ሦስት ደሴቶች ዝግ ናቸው ማለት ነው። ፖርቶ ሪኮ በኢሚግሬሽን ሕግም አሜሪካ ናት። ቢሆንም ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊኖር ስለሚችል፣ ጠበቃውን ሳያማክር ትኬት አይቁረጥ።

ፑንታ ካና ያለችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለቱሪስትነት ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም። ሲገባም ሲወጣም በኢንተርኔት የሚሞላ «ኢ-ቲኬት» የሚባል ቅጽ አለ። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ-ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለምና ውጡ።

ስለዚህች አገር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በኖቬምበር 2022 በሳንቶ ዶሚንጎ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ሰነድ የሌላቸውን ሄይቲያውያን ለመያዝ በሚደረገው አሰሳ፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ አሜሪካውያንም ሊያዙ ይችላሉ የሚል ነበር። የአገሩ መንግሥት አልተቀበለውም። ይህ ለእኛ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሪዞርት ግቢ ውስጥ ላላችሁ አያሳስብም። ከግቢ ስትወጡ ግን የፓስፖርት ኮፒ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወደ ጃማይካ ወይም አሩባ የምትሄዱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የየአገሩን ኢሚግሬሽን ድረ-ገጽ እዩ፣ አየር መንገዱንም ጠይቁ። በር ላይ የሚመልሳችሁ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነውና። ወደ አሩባ ሲኬድ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ካርድ አለ፤ 20 ዶላር ክፍያም አለው። ስትመለሱ ደግሞ የአሜሪካን ኢሚግሬሽን እዚያው አሩባ ኤርፖርት ትጨርሳላችሁ። አሜሪካ ስትደርሱ ሰልፍ የለም፣ ግን ለመውጫው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ወሩ፣ እና ባሕሩ የሚያየው አቅጣጫ

ዋጋ የሚሰቀለው ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30፣ የሚከፋው ደግሞ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። በመሃል ያለችው ጠባብ ጊዜ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ ናት። ይህች ጊዜ ለእኛ ብዙ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ትውላለች። ሁዳዴ አልቋል፣ ሥጋውም ዓሣውም ተፈቅዷል፣ የሆቴል ዋጋም ወርዷል። ትምህርት ቤት የሚያስራቸው ልጆች ከሌሏችሁ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለውን ሳምንት ያዙ።

ችግሩ ሳርጋሰም ነው። ቡናማ የባሕር አረም ነው። ከ2011 ጀምሮ በአትላንቲክ ላይ እየበዛ መጥቶ፣ ከአሜሪካ ስፕሪንግ አንስቶ በሰመሩ ወራት በገፍ ወደ ካሪቢያን ይገባል። አሸዋ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በብዛት የሚመታው ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ዳርቻዎችን ነው። ፑንታ ካና ያለችው ደግሞ በደሴቲቱ የምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ሆቴሎቹ ባሕር ላይ መከላከያ ይዘረጋሉ፣ ጠዋት ጠዋት በትራክተር ያስጠርጋሉ። ብዙ በመጣበት ሳምንት ግን አይችሉትም። የድረ-ገጻቸው ፎቶ የጃንዋሪ ነው። ጃማይካ ውስጥ ኔግሪል፣ አሩባ ውስጥ ኢግል ቢችና ፓልም ቢች ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። የሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአረሙን ሁኔታ በሳተላይት እየተከታተለ በየወሩ ያወጣል፤ ከጉዞው በፊት ማየት ነው።

ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ላይ ብቻ ፈቃድ የምታገኙ ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ አሩባ። ከቬንዝዌላ ጠረፍ ከ30 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ያለች ደረቅ ደሴት ናት። ከአውሎ ነፋሱ መንገድ ወደ ደቡብ ወጣ ስለምትል ማዕበል የሚነካት ከስንት አንዴ ነው። ጃማይካና ፖርቶ ሪኮ ግን መንገዱ ላይ ናቸው። በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በከፍተኛው ደረጃ የጃማይካን ምዕራብ መታው። ብዙ ሆቴል ለጥገና ተዘግቶ ነበር። ወደ ኔግሪልም ሆነ ሞንቴጎ ቤይ ስትሄዱ ሆቴሉ መከፈቱን ብቻ አትጠይቁ። የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው ገንዳ፣ የትኛው ምግብ ቤት እንደሚሠራ ጠይቁ። ፖርቶ ሪኮ ደግሞ መብራቷ አይታመንም። በዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ እንደገናም በኤፕሪል 2025 ደሴቲቱ በሞላ ጎደል ጨልማ ነበር። ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ ጄኔሬተር እንዳለው አረጋግጡ።

ዋና የማትችሉ ከሆነ

እንነጋገር እንጂ። ብዙዎቻችን ዋና የምናውቀው ከገንዳና ከላንጋኖ ነው። ባሕር ሌላ ነገር ነው፤ ይስባል።

ለደካማ ዋናተኛና ለሕፃናት አንደኛ የማደርገው የአሩባን ፓልም ቢች ነው። ውኃው ረጋ ያለ፣ ብዙ ርቀት የማይጠልቅ ነው። በደቡብ ጫፍ ያለው ቤቢ ቢች ደግሞ በድንጋይ የታጠረ ጥልቀት የሌለው የባሕር ገንዳ ነው። የአሩባ ክፋቷ ነፋሷ ነው። ሳያቋርጥ ይነፍሳል፣ ቀዝቀዝ ያደርጋችኋል፣ እናንተ ሳታውቁት ጸሐዩ ይጠብሳችኋል። የእኛ ቆዳ አይቃጠልም የሚል ካለ በሦስተኛው ቀን እናየዋለን። ክሬሙን ስትገዙ ኦክሲቤንዞን የሌለበትን ፈልጉ፤ የባሕር ኮራል ይጎዳል ብለው ከልክለውታል።

ኔግሪል ከዚህ ብዙም አትርቅም። ረጅም አሸዋ፣ ለስላሳ ውኃ። ጄት ስኪ ይበዛልና ሕፃናትን ከዳር አታርቁ።

ፑንታ ካና ላይ ግን ስሙ ያታልላል። ባቫሮ የሚባለው ክፍል ፊት ለፊቱ ኮራል ስላለ ሞገዱ ይቀንሳል። በሽያጭ ማስታወቂያ «ፑንታ ካና» የሚባሉ ብዙ ሆቴሎች ግን ወደ ሰሜን ርቀው ኡቬሮ አልቶ ላይ ናቸው። እዚያ ባሕሩ ኃይለኛ ነው፣ ቀይ ባንዲራም ይበዛል። ሆቴሉ ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ካርታው ላይ የት እንዳለ እዩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው።

የሳን ሁዋን ዳርቻዎች፣ ኮንዳዶና ኦሽን ፓርክ፣ ለእይታ ናቸው። ሞገዱና ስውር ጅረቱ ጎበዝ ዋናተኛም ያስቸግራል። ለመዋኘት በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሄዳችሁ ሉኪዮ ግቡ። ከሳን ሁዋን ኤርፖርት እስከ ኢስላ ቬርዴ ሆቴሎች ግን ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ከሞንቴጎ ቤይ ኤርፖርት እስከ ኔግሪል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እንደሚነዳ አስታውሱ።

ሆድና ኪስ

ፑንታ ካና የኦል-ኢንክሉሲቭ አገር ናት። አንዴ ትከፍላላችሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳ አትነኩም። ትልቅ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ይህን የሚያክል የለም። ጃማይካም እንዲህ ያሉ ሪዞርቶች ሞልተዋታል። ፖርቶ ሪኮ ላይ ግን ይህ አሠራር የለም ማለት ይቻላል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መኪና ኪራይ ለየብቻ ነው። በምግብ ሒሳብ ላይ 11.5 በመቶ የሚደርስ ታክስ አለ፤ ሆቴሎች ደግሞ «ሪዞርት ፊ» የምትባል ነገር ይጨምራሉ። አሩባ ምግቡ ሁሉ ከውጭ ስለሚገባ ውድ ነው። የቧንቧ ውኃው ግን ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ንጹሕ ውኃ ስለሆነ ፕላስቲክ አትግዙ።

የአሳማ ነገር ላይ ለምትጠነቀቁ፦ ፖርቶ ሪኮ ፈታኝ ናት። ሞፎንጎ የሚባለው ዝነኛ የፕላንቴን ምግብ ብዙ ጊዜ የተጠበሰ አሳማ ተወቅጦበታል። ባቄላቸውም በሥጋ ይበስላል። አትክልት ነው ብላችሁ አትመኑ፣ ጠይቁ።

ጃማይካ በዚህ በኩል ታርፋላችሁ። ራስታዎቹ «አይታል» የሚሉት ምግብ ሥጋም ወተትም የለውም። ሁዳዴ ላይ ብትሄዱ እንኳ አትራቡም። ካላሉ የሚሉት ቅጠል የእኛን ጎመን ነው የሚመስለው። ሩዝና ባቄላው በኮኮናት ወተት ይሠራል። ቃሪያቸውም አያሳፍርም።

ጃማይካ ለብቻዋ

ለባሕር ብቻ ከሆነ ጃማይካ ከአሩባ አትበልጥም። ባሕር ዳር የሚሸጥ የሚለውጠው ሰው ይበዛል፣ «አይ» ማለት ካልቻላችሁ ይደክማችኋል። ግን ከአራቱ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ማለት ትርጉም ያለው እዚያ ብቻ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ያረፉት ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ነው፤ ራስታዎቹ ቀኑን ዛሬም ያከብሩታል። ከ1970 ጀምሮ በአቡነ ይስሐቅ አገልግሎት የተስፋፋ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችንም አለ። ቦብ ማርሊ የተጠመቀው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የተቀበረው ደግሞ ናይን ማይል በተባለ የትውልድ መንደሩ።

ይህን ሁሉ ማየት ከፈለጋችሁ ኔግሪል አትረፉ። ከኪንግስተን በጣም ይርቃል። ኦቾ ሪዮስ እረፉ። ከ2016 ወዲህ በተከፈተው አዲስ መንገድ ኪንግስተን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። ናይን ማይልም በተራራ መንገድ ደርሶ መልስ ነው። የደንስ ሪቨር ፏፏቴ እዚያው አጠገብ ነው። መኪና ልትከራዩ ካሰባችሁ ግን መንገዱ በግራ ነው፣ ነጂዎቹም አይታገሡም። ሹፌር ያዙ።

እንግዲህ ማን የት ይሂድ

ወረቀቱ የተደበላለቀ ቤተሰብ፣ ወይም ባሕር ላይ ተኝቶ ሳምንት መቆየት የማይሆንለት ሰው ፖርቶ ሪኮ ይሂድ። የሳን ሁዋን አሮጌ ከተማና ምሽጉ፣ የኤል ዩንኬ ጫካ፣ የኩሌብራ ደሴት ፍላሜንኮ ቢች አሉ። ለኩሌብራ ጀልባው ከሴይባ ይነሳል፤ ትኬቱ ስለሚያልቅ አስቀድማችሁ ያዙ።

ሠርግ፣ የልደት ድግስ፣ ከሃያ ሰው በላይ ዘመድ ከሆነ ፑንታ ካና፤ ከዲሴምበር እስከ ማርች፣ ባቫሮ ላይ። አዲስ ሙሽሮች፣ ሕፃን ያላቸው፣ ወይም ኦገስት ላይ የሚሄዱ አሩባ። ጃማይካ ደግሞ ከባሕሩ በላይ ሰዉን ለሚፈልግ።

ከጁን እስከ ኖቬምበር የምትሄዱ ሁሉ የጉዞ ኢንሹራንሱን ትኬት በቆረጣችሁበት ቀን ግዙ። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የገዛ ሰው በዚያ አውሎ ነፋስ ምክንያት ካሣ አይከፈለውም።