ጠረጴዛ ላይ የሚያሳዩአችሁ ካርቶንና የሚያሽጉላችሁ ካርቶን አንድ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ማር፣ ቅቤ ወይም ሌላ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር በካርቶን አሳሽጋችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። «በማሽን እናሽጋለን» የሚል ጽሑፍ በራቸው ላይ የሰቀሉትን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ገና ስትገቡ ወንበር ያቀርባሉ፣ ማሽኑ ሲሠራ ያሳያሉ፣ ናሙና ያነሣሉ፣ ከዚያም ገንዘብ ይቀበላሉ። እኔም በዚሁ መንገድ አለፍኩ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ቤት ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው፤ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ያሳሸግሁት 480 ጠርሙስ ማር ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ይይዛል፤ በአንድ ካርቶን 12 ጠርሙስ ይገባል፤ ጠቅላላው 40 ካርቶን ሆነ። ጠርሙሱ ራሱ ስለሚከብድ አንዱ ካርቶን 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለካርቶኑና ለማሸጊያው በአንድ 140 ብር፣ በድምሩ 5,600 ብር ከፈልኩ። ባዶ ካርቶን ገዝቼ ከልጆቼ ጋር ቤት ውስጥ ባሽገው በብዙ ይረክስልኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያንን ሁሉ ብር የከፈልኩት ጥንካሬ እየገዛሁ መስሎኝ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሻጩ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የታሸገ ካርቶን አንስቶ፣ በደረቱ ትክክል ከያዘው በኋላ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው። ካርቶኑ በጠፍጣፋ ጎኑ ዱብ ብሎ አረፈ፤ ተከፍቶ ሲታይ አንድም ጠርሙስ አልተሰበረም። እኔም በዚያች ቅጽበት አመንኩ። በጠፍጣፋ ጎኑ የወደቀ ካርቶን ምቱን በሰፊው ወለል ላይ እንደሚበትነው፣ ከአይሱዙ ላይ የሚወረወር ካርቶን ግን ብዙውን ጊዜ በማዕዘኑ ወይም በጠርዙ እንደሚያርፍና ያን ጊዜ ክብደቱ በሙሉ በጠባብ ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ ነበረብኝ። ስንት ዓመት ዕቃ ሳስጭንና ሳስወርድ ኖሬ ይህን መዘንጋቴ ነው ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ።

የእህቴ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ትሠራለች። ትናንት ማታ እንዳስረዳችኝ፣ ኢስታ በሚባለው ዓለም አቀፍ የማሸጊያ መፈተሻ ሥርዓት መሠረት እንዲህ ያለ 9 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 10 ጊዜ ይጣላል፤ አንድ ጊዜ በማዕዘኑ፣ ሦስት ጊዜ ከዚያው ማዕዘን በሚነሡት ጠርዞች፣ ስድስት ጊዜ ደግሞ በስድስቱ ጎኖቹ። ሻጩ ለእኔ ያሳየኝ ከአሥሩ ውስጥ አንዱን ብቻ ነው።

ጭነቱ ረቡዕ ማታ በዝናብ ወጣ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ተረካቢዬ ደውሎ «እትዬ፣ ካርቶኖቹ ከሥራቸው ማር ያንጠባጥባሉ» አለኝ። 17 ካርቶን ውስጥ 63 ጠርሙስ ተሰብሯል። አንዱን በ450 ብር ስለምሸጠው ይህ ብቻ 28,350 ብር ነው፤ በማር ተለውሶ ምልክቱ የተላጠውን ሳልቆጥር ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ከተመለሱልኝ ካርቶኖች አንዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ ካርቶኑን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገና፣ ጣቱን በሶፍት ጠርጎ «ጫኞቹን ጠይቂ» አለኝ። ገንዘቤን የተቀበለ ቀን «እናቴ፣ ይቀመጡ» ይለኝ የነበረው ይኸው ልጅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ካተር ነበር። አንስቼ የካርቶኔን ጎን እዚያው ፊቱ ቆረጥኩት። በሁለት ወረቀቶች መካከል እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተጣጠፈ አንድ ወረቀት ብቻ አለ፤ ባለ ሦስት ሌየር የሚሉት ነው፣ ውፍረቱም 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከዚያ ያ የመጀመሪያው ቀን ናሙና እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ጠርዙ ወደ እኔ ዞሮ ተቀምጦ አየሁት። የእርሱ ጠርዝ ሁለት የተጣጠፉ ወረቀቶች አሉት። ባለ አምስት ሌየር ነው፤ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስጠጋቸው ሻጩ ያን ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ። ናሙናውን ከእጄ ነጥቆ ከጠረጴዛው ሥር ከተተውና «ደረሰኝሽ ላይ አምስት ሌየር ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደረሰኜን አወጣሁ። «ካርቶን፣ በማሽን የታሸገ፣ 40» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ማሽኑ አጠገብ የቆመችው ልጅ አንገቷን ደፋች። እርሱ ግን ቀጥሎ የገባውን ደንበኛ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» እያለ ወንበር ሊያቀርብለት ሄደ።

ማሽኑን አልወቅስም። ማሽኑ የካርቶኑን ክዳን አጥፎ በመሐል ስፌቱ ላይ ፕላስተር ይስባል፤ ሥራው ይኸው ነው። ንጹሕና ቀጥ ያለ ስለሚመስል ግን ዓይንን ያታልላል። ማሽኑ የተስተካከለበት የካርቶን ቁመት ከጠርሙሶቼ ስለሚበልጥ ከላይ ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ቀርቷል። በእጅ ብናሽገው ጋዜጣ ጠቅጥቀን እንሞላው ነበር፤ እነርሱ ባዶውን ዘጉት። በጠርሙሶቹ መካከል የገባው መለያም በጣት የሚታጠፍ ስስ ወረቀት ነው። ስለዚህ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጠርሙሶቹ ወደ ላይ እየዘለሉ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው ያደሩት። ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ ባዶዎቹ ካርቶኖች በዚህ በሐምሌ ዝናብ ያለ ምንም ርብራብ ሲሚንቶው ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቆልለዋል። ካርቶን እርጥበት ይጠጣል፤ በጣም እርጥብ በሆነ አየር ውስጥ የቆየ ካርቶን ጭነት የመሸከም አቅሙ በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። የእኔዎቹ ገና ከሐዋሳ ሳይወጡ ደክመው ነበር ማለት ነው።

የምታሳሽጉ ሰዎች፣ የሚታሸግላችሁን ካርቶን ራሱን አስቆርጣችሁ የተጣጠፈውን ወረቀት ቁጠሩ። የሌየሩን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ሳያጽፉላችሁ ብር አትስጡ። የራሳችሁን ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ በእነርሱ ማሽን አሳሽጉና በማዕዘኑ ጣሉት፤ እምቢ ካሉ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ።