ውሃ ሲነካው መልኩን የሚቀይር ቀለም፦ ዲስትረስ ኦክሳይድን ሦስት ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ

ቀኑን ሙሉ ከቁጥርና ከደረሰኝ ጋር ስለምውል ማታ ማታ እጄ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ጠረጴዛዬን ጠርጌ ወረቀቱን፣ ማኅተሞቹንና ቀለሞቹን እዘረጋና ካርድ እሠራለሁ። የልደት ሆነ የምስጋና ወይም የማጽናኛ፣ ለሰው የምሰጠው ካርድ ሁሉ ከዚያች ጠረጴዛ መውጣት ከጀመረ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሦስቱን ዓመት ዋና ቀለሜ ዲስትረስ ኦክሳይድ ነው። ካርዱን ያዩ ሰዎች “ይህን መልክ በምን አመጣሽው?” እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ልጻፍ።

ከሱ በፊት ሃያ አራት ቀለም የያዘ የጀማሪ ስብስብ ነበረኝ። ስሙን ልተወው። ማኅተም ሲመታበት ደህና ነበር። በስቴንስል፣ ማለትም ቅርጽ ተቆርጦ በወጣለት ስስ ፕላስቲክ ላይ በብሩሽ ሳሸው ግን ወረቀቱን የነካበት ቦታ ወዲያው ሰርጎ ይቀራል። ብሩሹ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ጠቆር ያለ ክብ ጠባሳ ይሆናል፣ ዙሪያው ደግሞ ይገረጣል። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግሜ ጣልኩ። ለወራት ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር።

ጥፋቱ የቀለሙ ዓይነት ነበር። በውሃ የሚሠሩ የማኅተም ቀለሞች በጥቅሉ ሁለት ናቸው። በአንደኛው ማቅለሚያው ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቷል፤ ወረቀቱ ይመጠዋል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ሁለተኛው ፒግመንት ያለበት ነው፤ ደቃቅ የቀለም ብናኝ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ለመድረቅ ይዘገያል፣ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ዲስትረስ ኦክሳይድ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነው። ሬንጀር የተባለው ኩባንያ በዲዛይነሩ በቲም ሆልትዝ ስም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ያወጣው። ከዚያ በፊት ከነበረው ከተራው ዲስትረስ ጋር አታምታቱት። የፓዶቹ (ቀለሙን የያዙት፣ ማኅተሙ የሚነካባቸው ትራሶች) ቅርጽና የቀለሞቹ ስም አንድ ዓይነት ነው፣ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ተራው ዲስትረስ በጥቁር ወረቀት ላይ ጠፍቶ ይቀራል፤ ኦክሳይዱ ፒግመንት ስላለበት ደብዘዝ ብሎ፣ ደስ በሚል መልኩ ይታያል።

ባለፈው ከሕመም ለተነሣች ጓደኛዬ የሠራሁትን ካርድ ይዤ ላሳያችሁ። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ቆርጬ አንዱን ሳጥፈው 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርድ ይወጣኛል፤ ሲ6 በሚባለው ፖስታ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይገባል። ቀለም የምቀባው ግን ካርዱ ላይ አይደለም። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት ቆርጬ እሱ ላይ እሠራና በኋላ እለጥፈዋለሁ። ቢበላሽ የሚጣለው ቁራጩ ብቻ ነው።

የፈርን ቅጠል የተቆረጠበትን ስቴንስል አነጠፍኩና ዳርና ዳሩን በወረቀት ፕላስተር ያዝኩት። ሦስት ቀለም መረጥኩ፤ ከላይ ቢጫውን ፎሲላይዝድ አምበር፣ ከመሐል ሮዙን ወርን ሊፕስቲክ፣ ከታች ሰማያዊውን ፌድድ ጂንስ። ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቢጫና ሮዝ ሲገናኙ ብርቱካንማ ይሆናሉ፣ ሮዝና ሰማያዊ ሲገናኙ ሐምራዊ። ቢጫው ከሐምራዊው ጋር ቢደራረብ ግን የሚወጣው ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነው። ስለዚህ ሮዙ በመሐላቸው እንደ አስታራቂ ይቆማል።

ብሩሹን ፓዱ ላይ ነካ ካደረግኩ በኋላ ወደ ቅጠሉ ቀዳዳ አልሄድም። መጀመሪያ ስቴንስሉ ላይ፣ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ክብ ክብ እያደረግኩ አሽና ቀስ እያልኩ ወደ ቀዳዳው እገባለሁ። ግፊቱ በጣም ቀላል መሆን አለበት፤ ብሩሹ ጉንጭ ላይ ቢያርፍ እንኳ የማያሳክክ ያህል። ያኔ ቀለሙ እንደ ጭጋግ እየተደራረበ ይወፍራል። የድሮው ክብ ጠባሳ የለም፤ ኦክሳይዱ ላይ ላዩን ስለሚቆይ ብሩሹ ለመግፋትና ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ፈልጌ ላገኘው ያልቻልኩት በዚህ ቀለም ነው።

ከዚያ ስቴንስሉን አነሣሁና ጣቴን ውሃ ነክሬ ቅጠሉ ላይ ረጨሁ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። በሶፍት ጫን አድርጌ ውሃውን አነሣሁት፤ መጥረግ አይገባም፣ ከተጠረገ ይዝረከረካል። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ገርጥቷል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ፣ ጠመኔ የነካው የሚመስል ቀለበት ቀርቷል። ጠል ያረፈበት ቅጠል ይመስል ነበር። የቀለሙ ስም ከብረት ዝገት ጋር የተያያዘው በዚህ ነገሩ ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ያረጀ፣ አየር የበላው ዕቃ ይመስላል። አንድም ጠብታ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ጓደኛዬ ካርዱን ስትቀበለኝ ጣቷን በቅጠሉ ላይ እየነዳች ረጅም ጊዜ ዝም አለች። የዚህ ቀለም ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ያ ጣቷ ነው።

ስቴንስሉ ላይ የቀረውም አይባክንም። ውሃ በስሱ እረጭበትና ገልብጬ ሌላ ወረቀት ላይ እጫነዋለሁ፤ የቅጠሉ ቦታ ነጭ ሆኖ ዙሪያው በቀለም የተነከረ ሁለተኛ ሥዕል ይወጣል። አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይልቅ እሱን እወደዋለሁ።

ስቴንስል ካነሣሁ አይቀር፣ በፊደላችን የተሠራ ማግኘት ስላልቻልኩ “መልካም ልደት” የሚለውን ከማይላር ፕላስቲክ ራሴ ቆረጥኩ። የመጀመሪያው “መ” ተቆርጦ ሲነሣ የሁለቱ ቀለበቶች ሆድ አብሮ ወድቆ ሁለት ባዶ ጉድጓድ ቀረ። “ም”ም እንደዚያው። መፍትሔው በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ሆዱን ከውጭው ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ መተው ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከቀጠነ በሁለተኛው እጥበት ይበጠሳል። ድልድዩ የሚተወው ክፍተት ከታተመ በኋላ ፊደሉን የሚያበላሸው መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ካርዱን የእኔ የሚያደርገው እሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደማይሆንበት ቦታ ልምጣ። ቀጭን መሥመር ያላቸው ማኅተሞች፣ የአበባ ሥር፣ የወፍ ላባ፣ ደቃቅ ጽሑፍ፣ ከኦክሳይድ ጋር አይስማሙም። ከውሃ ጋር እንዲንቀሳቀስ የተሠራ ቀለም ጥርት ያለ መሥመር ይስጠኝ ማለት ያለ ባሕርይው መጠየቅ ነው። ለዚህ የምጠቀመው ቨርሳፋይን የሚባለውን ጥቁር ነው፤ የፀጉር ያህል የቀጠነውን መሥመር ሁሉ ያወጣል፣ ከደረቀ በኋላም ውሃ አይበግረውም። ለብርጭቆና ለፕላስቲክ ደግሞ ሁለቱም አይሆኑም፤ እነሱ እንደ ስቴዝኦን ያለ፣ በውሃ ያልተሠራ ቀለም ይፈልጋሉ።

ሌላው፣ ኦክሳይድ ደረቀ ማለት ውሃን ረሳ ማለት አይደለም። አንድ የልደት ካርድ ጨርሼ ላብ ባለው እጄ ስይዘው አውራ ጣቴ ሰማዩ ላይ ታትሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተጠናቀቀውን ሥራ በዳሩ ብቻ እይዛለሁ፤ ብዙ እጅ የሚነካው ከሆነም የሚረጭ ግልጽ ቫርኒሽ ከርቀት በስሱ እነፋበታለሁ።

እርጥብ ቀለም ላይ ተነስንሶ በሙቀት የሚቀልጠውን የኢምቦሲንግ ዱቄት ለምትወዱም ምክር አለኝ። ኦክሳይድ ለመድረቅ ስለሚዘገይ ዱቄቱ በደንብ ይይዝበታል፤ ግልጽ ዱቄት ሲቀልጥበት ቀለሙ ደምቆ ይወጣል። ዳራውን በኦክሳይድ ቀብታችሁ በላዩ ላይ በወርቃማ ዱቄት መጻፍ ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ዳራውን በሙቀት ማድረቂያው በደንብ አድርቁት፣ ከዚያም ዱቄት እንዳይዝ የሚያደርገውን ትንሿን ከረጢት አሹበት። እኔ አንድ ማታ ቸኩዬ ሁለቱንም ዘለልኩ። “እናመሰግናለን” የሚለው ጽሑፍ ከወርቃማው ሰማይ መሐል ጠፋ፤ ዱቄቱ ከዳር እስከ ዳር ይዞ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀብኝ ዳራ ነበር፣ በጣም አዘንኩ።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ግልጾቹ የፖሊመር ማኅተሞች ቀለሙን ትንሽ ይጠጡና ሮዝ ወይም ሰማያዊ ሆነው ይቀራሉ፤ አሠራራቸውን አይነካውም፣ አትጨነቁ። በኬሚካል ለማስለቀቅ ብትሞክሩ ግን ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አዲስ የፖሊመር ማኅተም ቀለም እየገፋ ነጠብጣብ የሚያደርግ ከሆነም ጥፋቱን በቀለሙ ላይ አታድርጉ፤ ፊቱን በላጲስ በቀስታ አሹትና እንደገና ሞክሩ።

ለመጀመር ሙሉ ስብስብ መግዛት አያስፈልግም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ፣ አንድ ጥሩ ጥቁር፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ብሩሽ። በብሩሹ አትቆጥቡ፤ ቢጫው ላይ ሰማያዊ የነካ ብሩሽ አንዴ ካረፈ ፓዱ አረንጓዴ ይሆናል። ፓዱ ሲደርቅ አይጣልም፤ በ14 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ የሚመጣ መሙያ አለው። እኔ ፌድድ ጂንሱን ሁለት ጊዜ ሞልቼዋለሁ፣ ብልቃጡ ገና አላለቀም። ከመሙያው ሁለት ጠብታ ሳህን ላይ አድርጌ በውሃ አቅጥኜ በብሩሽ እስልበታለሁም። ትናንት ማታ በጥቁር ወረቀት ላይ በዚያ መንገድ የሳልኩት ጨረቃ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ እየደረቀ ነው፤ የእህቴ ልጅ ገና ሳይደርቅ የኔ ነው ብላ ከጀርባው ስሟን ጽፋበታለች።