«ሶኬቱን ብቻ ቀይሩት» ሲሏችሁ አትሸወዱ

መርካቶ ወርዳችሁ የአሜሪካ ዕቃ ልትገዙ ካሰባችሁ እቺን አንብቡና ሂዱ። ብሌንደሩ ኦሪጅናል ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ እኛ ቤት የሚመጣው ደግሞ 220። ሻጩ ትንሽ ነጭ አዳፕተር ምርቃት ጣል ያደርግላችሁና «በቃ፣ ይሰካል» ይላል። መሰካቱስ ይሰካል! አዳፕተር የሚቀይረው የሶኬቱን እግር ነው እንጂ ቮልቱን አይነካውም። ብዙዎቹ የመሬት መስመር እንኳ የላቸውም።

ጎረቤቴ እንዲህ ተብላ የገዛችው ብሌንደር ገና ስትከፍተው ጮኸ፣ ሸተተ፣ አበቃ። ብትመልሰው «አጠቃቀም ነው» አሏት። ገልብጬ ሳየው የዋጋው ስቲከር የተለጠፈው ልክ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» በሚለው ጽሑፍ ላይ ነው። በአጋጣሚ ነው እንበል እንግዲህ።

የሚያሞቅ ዕቃ ደግሞ ይብሳል። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ ያልፋል። 1000 ዋት የተባለው የፀጉር ማድረቂያ ወደ 3300 ዋት ሊስብ ይሞክራል። ብሬከሩ ፈጥኖ ካልቆረጠው እሳት ነው።

ይሄን ነግራችሁት የነቃ ሻጭ «ታዲያ ኮንቨርተር አለኝ» ይላል። ቮልቱን ታወርዳለች የምትባል፣ መዳፍ የምታህል ሳጥን ናት፤ ላይዋ ላይ «2000 ዋት» ተጽፏል። አንሷት እስቲ። የእውነት ትራንስፎርመር ውስጡ ብረትና መዳብ ስለሆነ ያን ያህል ዋት የሚችለው በደንብ ይከብዳል። ያቺ ቀላሏ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠች ነው የምታሳልፈው። ለተራ ካውያ ልትሆን ትችላለች፤ ሞተር ወይም ኤሌክትሮኒክስ ያለውን ዕቃ ግን ታበላሻለች።

ትራንስፎርመሩ ደህና ቢሆንም ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይቀይርም። የኛ 50 ነው። ስለዚህ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ማይክሮዌቭ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል፤ ከመስመሩ ኸርዝ የሚቆጥር ሰዓት ደግሞ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ማይክሮዌቩን ተዉት ባይ ነኝ።

«100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ካያችሁ ግን ምንም ስጋት የለም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ለሱ አዳፕተሩ ይበቃል።

አሜሪካ ላላችሁም፦ ከዚህ የተላከላችሁን የ220 ምጣድ ተራው ሶኬት ላይ ብትሰኩት ሲሶውን ሙቀት እንኳ አይሰጥም። እንጀራው ዓይን አያወጣም። እዚያ ቤት ለትልልቅ ዕቃ የሚገባ 240 መስመር አለ፤ እሱን በባለሙያ አስቀጥሉ።

ገበያ ስትወጡ ዕቃውን ገልብጣችሁ፣ ስቲከሩን ልጣችሁ አንብቡ። ሻጩ «220 ነው» ካለ ደረሰኙ ላይ ይጻፈው። ካንገራገረ ብራችሁን ይዛችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።