ፊዚክስ ለከበዳችሁ፦ መምህሬን ላስተዋውቃችሁ

ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምህንድስና እማራለሁ። ገመድ ስዘረጋና የውሃ ፓምፕ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም ባለፈው ዓመት በፊዚክስ አጋማሽ ፈተና ላይ ከመጡት የኤሌክትሪክ መስክ ጥያቄዎች አንዱንም በትክክል አልመለስኩም። ቀመሮቹን በቃሌ ይዣቸው ነበር፤ የቱን የት እንደምጠቀም ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ ያን ትምህርት በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ያበቁኝን ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው።

ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እዚህም እንደምጠራቸው «መምህር» እላቸዋለሁ። ጉለሌ፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው ያስጠናሉ።

በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ጥያቄ ይህ ነበር። 4 እና 9 ማይክሮኩሎምብ (የቻርጅ መለኪያ ነው) የሆኑ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጆች 50 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ መስኩ ዜሮ የሚሆነው የት ላይ ነው? ወዲያው ቀመር መጻፍ ጀመርኩ። መምህር ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ አራርቀው አስቀመጡ፤ በመካከላቸውም አንዲት የቡና ፍሬ። «ይህቺ ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ናት። እያንዳንዱ ስኒ ወዴት ይገፋታል?» አሉኝ። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ፍሬዋን ከስኒዎቹ ውጭ ሲያደርጓት ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፏት መስኩ እዚያ ፈጽሞ ዜሮ ሊሆን አይችልም። መልሱ የግድ በመካከል ነው፤ ያውም ወደ ትንሹ ቻርጅ ቀረብ ብሎ። ቀመሩ የመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መስክ በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ የሁለቱ ርቀቶች ንጥጥር የቻርጆቹ ስኩዌር ሩት ንጥጥር ይሆናል፤ 2 ለ 3። ስለዚህ ከ4ቱ 20፣ ከ9ኙ 30 ሴንቲ ሜትር። እኔን አንድ ገጽ የፈጀብኝ ጥያቄ በሁለት መስመር አለቀ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙዎቻችን «ፊልድ» የሚለውን ቃል ተሸክመን እንዞራለን እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። መምህር በአማርኛ አስረዱኝ፦ «እዚህ ቦታ ላይ አንድ ኩሎምብ ባስቀምጥ ስንት ኒውተን ይገፋዋል፣ ወዴትስ? የዚህ መልስ መስክ ይባላል።» ለዓመታት ደጋግሜ ያነበብኩት ትርጉም የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስለ ጉልበት ያስተማሩኝን ደግሞ በሥራዬ ላይ በየቀኑ አስበዋለሁ። አንድ ጊዜ ፓምፑን ከመስመር ነቅዬ ካፓሲተሩን፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ ስቀይር እጄን እንደመታኝ ነገርኳቸው። ወዲያው የቤት ሥራ አደረጉት። ካፓሲተሩ 40 ማይክሮፋራድ ነው፤ የ220 ቮልት መስመር ከፍ ዝቅ ሲል በከፍተኛው ነጥቡ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል። የካፓሲታንሱን (የ40 ማይክሮፋራዱን) ግማሽ በቮልቴጁ ካሬ ስናባዛ ወደ 2 ጁል ይጠጋል። ቮልቴጁ በእጥፍ ቢያድግ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆን ነበር። «ለመሆኑ ይህ ጉልበት የት ተቀምጦ ቆየህ?» ሲሉኝ «ሽቦው ውስጥ» አልኩ። «አይደለም፤ ካፓሲተሩ ውስጥ ባሉት ሁለት ስስ ብረቶች መካከል ባለው መስክ ውስጥ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የቀረውን ቻርጅ በሬዚስተር ሳላስወጣ ካፓሲተር ነክቼ አላውቅም።

በረንዳው ላይ የሚያርፈውን ፀሐይም አስልተነዋል። በጠራ ቀን ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት ይቀበላል። ከዚህ ተነስተን በብርሃኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በከፍተኛው ነጥቡ ወደ 870 ቮልት በሜትር እንደሚደርስ አገኘን፤ የጉልበቱ ግማሽ በዚህ መስክ፣ ግማሹ በማግኔቱ መስክ ይጓዛል።

የነገ ፈተና መልስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ወደ እሳቸው ባይሄድ ይሻላል፤ ጥያቄ ሠርተው አይሰጡም፣ ስልክም ያስዘጋሉ። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ግን ከእሳቸው የተሻለ አስጠኚ አላየሁም። ክፍያቸው መጠነኛ ነው፤ መክፈል ያቃተውን ልጅ ሲመልሱም አላየሁም።

መምህር፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው የመቀበል ቦታ እንዳላቸው ነግረውኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደብተርና ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚያስሏችሁ የመስኩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ነው።