የፊት ጥርሴን ለመለሰችልኝ የጎንደር ሐኪም

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንጀራዬ አፌ ነው። ሐምሌ ላይ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ቦይ ውስጥ ገባችና ከፊቴ ያለው ብረት አፌን አገኘኝ። ከላይኛው የፊት ጥርሶቼ አንዱ እዚያው ወለቀ። ጎኑ ያለው ተሰብሮ ስለነበር በኋላ ተነቀለ።

ጥርስ ሲጎድል የሚቸግረው መብላት ይመስለኝ ነበር። እኔን ያስቸገረኝ ቁጥር ነው። «አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው» ማለት የዘወትር ሥራዬ ነው። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት፦ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ስድስት። በዚያ ክፍተት አየሩ ሾልኮ እያንዳንዷን «ስ» ፉጨት ያደርጋታል። ተማሪዎች ሳስጎበኝ ከኋላ ያሉት እያፏጩ ይመልሱልኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (ስሙ ይቅር) የሚወልቅ የፕላስቲክ ጥርስ ሠሩልኝ። ይላላል ስላቸው «ትለምደዋለህ» አሉኝ። አንድ ቀን እንግዶች ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ላሳይ ቀና ብዬ ሳወራ ጥርሱ ከአፌ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ። አንዲት እናት አነሱት። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው «እንካ ልጄ፣ ወደቀብህ» አሉኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ጓደኛዬ ጎትቶ ፒያሳ አካባቢ ወደምትሠራ የጥርስ ሐኪም ወሰደኝ። ይሄን የምጽፈው ለእሷ ነው።

አፌን ሳታይ በፊት «ሥራህ ምንድነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ብሪጅ ምን እንደሆነ ስታስረዳኝ በራሴ ቋንቋ ገባኝ። ፋሲል መዋኛ ውስጥ ወዳለው ግንብ የሚያሻግረውን ድልድይ አስቡት፤ ወዲህና ወዲያ የሚያርፍበት ከሌለ አይቆምም። የጎደሉኝ ሁለት ናቸው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ተሞርደው ተሸካሚ ይሆናሉ። አራቱ ተያይዘው እንደ አንድ ዕቃ ተሠርተው ይለጠፋሉ። «ሳልደብቅህ» አለችኝ፣ «የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግም። ሳትሞረድ ከፈለግህ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ብሎን የሚተከልበት አለ፤ ግን ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል።» አስቤበት ብሪጁን መረጥኩ። ዋጋውን በዚያው ቀን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። እስከ መጨረሻው አንድ ብር አልጨመረችም።

ራጅ ስታነሳኝ ተሸካሚ ከሚሆኑት አንዱ መበስበስ ጀምሯል። መጀመሪያ እሱ ታከመ። ድዴም ገና ስላልዳነ ሁለት ወር ጠብቅ አለችኝ። ከተነቀለ በኋላ ድድ እየሟሸሸ ስለሚሄድ፣ ተቸኩሎ ከተገጠመ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል። ያኔ ግን በልቤ ተቀይሜያታለሁ፤ የእንግዳው ወቅት እየደረሰ ነበር።

የመሞረዱ ዕለት ማደንዘዣ ስለወጋችኝ አላመመኝም። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አፌን ከፍቼ ጠበቅኩ። ሊጥ የመሰለ ነገር አስነክሳ ልክ ወሰደች። ቀለሙን የመረጠችው መስኮት ዳር አቁማ በፀሐይ ብርሃን ነው። እኔ ነጩን ፈልጌ ነበር። «የቡና ጥርስ መሀል በረዶ ልትተክል ነው?» ብላ ከለከለችኝ። ልክ ነበረች። ዋናው ተሠርቶ እስኪመጣ በጊዜያዊ ቆየሁ።

ዋናው ሲመጣ ከመለጠፏ በፊት «በል አስጎብኘኝ» አለች። ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ 1636 አልኩ። ፉጨቱ ጠፍቷል፣ «ስ» ግን ትንሽ ይኮላተፋል። እኔ ይሁን ብዬ ነበር። እሷ አውጥታ ወደሠሩት ሰዎች መለሰችው። በሁለተኛው ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ነርሷ ከጥግ «አሁንስ አፄ ፋሲልም ይሰማሉ» አለች። ባለቀለም ወረቀት አስነክሳ ከፍ ያለውን ቦታ አስተካከለችና ለጠፈችው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቀጠሮ አታከብርም። ሦስት ሰዓት ተብዬ አምስት ሰዓት የገባሁበት ቀን አለ። አንዱን ሰው ቶሎ ቶሎ ብላ ስለማትለቅ ነው፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ይቅር አልኳት።

አሁን ቆሎ በጎን ጥርሴ ነው የምቆረጥመው፣ ጠርሙስ በጥርስ መክፈትም ቀርቷል። ማታ ማታ ከብሪጁ ሥር ክር አሳልፌ አጸዳለሁ። ብሪጁ ራሱ አይበሰብስም፤ ከሥሩ ያለው ጥርስ ግን ይበሰብሳል። ደህና ከተያዘ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል ብላኛለች፤ የዕድሜ ልክ ነው ግን አላለችም።

ዶክተር፣ እጅሽ ይባረክ። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ አድራሻውን እሰጣለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ቁርስ በልታችሁ ሂዱ። ማደንዘዣው እስኪለቅ ከንፈራችሁን እንዳትነክሱ ምግብ አይነካም፤ ወረፋውን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።